የሌለ ሰው ወንድም

ሰው ቶሎ የማመን ልማድ የለኝም። ስድስት ዓመት ፎቶ ኮፒ ቤት የሠራ ሰው ሰው ቢያምን ነው የሚገርመው። በእጄ ያላለፈ ወረቀት የለም፤ የፍቺ አቤቱታ፣ ተቀድዶ የተጣበቀ ውል፣ አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ያስወለደ የልደት ካርድ። ፊት ለፊቴ ቆሞ የሚምል ሰው ሳይ፣ ዓይኔ ወደ ያዘው ወረቀት ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ይሳቅ መጀመሪያ የመጣ ቀን ጠረጠርኩት።

ሰዓቱ ራሱ ያስጠረጥር ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ድሬ ውስጥ ሰው የለም። ጠዋት ታይዋን ገበያ ውስጥ ሲገፋፋ የዋለው ሕዝብ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ፣ ሽርጡን አገልድሞ ከፀሐይ ተሸሽጓል። ያን ጊዜ ደግሞ ረመዳንና ሁዳዴ የገጠሙበት ወቅት ስለነበር ከተማው በሙሉ አፉ ደርቆ ተኝቷል። ወንድሜ ጦልሃም ወደ ቤት ሄዶ ጋደም ይላል፤ እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ የተጠራቀመ ሥራ እተይባለሁ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ሙቀት፣ አንድ ረጅም ቀጭን ልጅ ወደ ኋላው እየተገላመጠ ገባ። ብብቱ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«ትተይቢያለሽ?»

«ታፔላው ምን ይላል?»

ሳቀ። ሲስቅ አፉን በግራ መዳፉ ሸፈነ። ይሄ ልጅ የሚደብቀው ነገር አለ፣ አልኩ በሆዴ።

ፌስታሉን ፈታና አርባ ገጽ የእጅ ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈ። የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በትልልቅ ፊደል «ኢየሱስ በእርግጥ በታሪክ የነበረ ሰው ነው?» ይላል።

ቀና ብዬ አየሁት። አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ አስሯል። እኔ ሒጃብ ለብሻለሁ።

«ማነው የላከህ?» አልኩት። «ልትሰብከኝ ነው ወይስ ልታጣላን?»

«አቦ፣ ማንም አልላከኝም! ለቅዳሜ ክርክር ነው።»

ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ የሚሰበሰቡ ወጣቶች እንዳሉ ነገረኝ። አንድ ጥያቄ ይዘው በሁለት ወገን ይከራከራሉ። የመጪው ወር ጥያቄ ይሄ ነው፤ እሱ «አልነበረም» የሚለውን ወገን መርጧል።

«አንተ? ከነማተብህ?»

«ከነማተቤ።»

«ታዲያ ለምን እኔ ጋ አመጣኸው?»

ጆሮው ድረስ ቀልቶ «ክርስቲያን ጋ ብወስደው ለእናቴ ይነግሩብኛል» አለ። «የሰንበቴ ጓደኛ የሌላትበት ኮፒ ቤት የለም።»

ማፈሩ እውነት መሰለኝ። ግን እኔም የራሴ ፍርሃት ነበረኝ። ይሄ ወረቀት አንድ ቀን መንገድ ላይ ቢገኝ፣ «እስላሞቹ ናቸው የጻፉት» ቢባል፣ የሱቃችንም የሰፈሩም ሰላም አበቃ። ስለዚህ ቁርጡን ነገርኩት።

«እሠራዋለሁ። ግን በየገጹ አናት ላይ ሙሉ ስምህ ይጻፋል። በአንዱም ገጽ አይቀርም።»

«ይሳቅ ነጋ» አለ ሳያቅማማ። «ጻፊው።»

የጻፈው ጽሑፍ የሐኪም ማዘዣ ይመስላል። አንብቤ መተየብ ስላቃተኝ እሱ እያነበበልኝ እኔ ስተይብ ሰነበትን። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የጨርቅ ጥራት ተቆጣጣሪ ነው፤ ፈረቃውን ሙሉ ጥቅልል ጨርቅ በመብራት ላይ እየዘረጋ እንከን ይፈልጋል። ፈረቃው ስድስት ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ሰባት ሰዓት ላይ እኔ ጋ ነው። ሁለታችንም ጾመኞች ስለሆንን የማቀርብለት ውኃ እንኳ የለም። ያለን ነገር ቬንትሌተሩና ክርክሩ ብቻ ነበር።

«ስለሱ የጻፉት ሁሉ ያላዩት ናቸው» ይላል ይሳቅ። «ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ የጻፈው ከሰማንያ ዓመት በኋላ ነው። የአይሁዱ ጸሐፊ ላይ ደግሞ ኋላ ሰዎች ጨምረውበታል። አንድ እንኳ፣ በዓይኔ አየሁ ብሎ በዘመኑ የጻፈ ገለልተኛ ሰው አምጪልኝ።»

«እኔ የቱን ላምጣ? እኔ ዒሳን መድረሳ ነው የተማርኩት፤ የመርየም ልጅ ብዬ። ለኛ ነቢይ ነው። ወላሂ፣ ጉድ እኮ ነው! የተጠመቅከው አንተ ትክዳለህ፣ እኔ ጥብቅና እቆማለሁ።»

አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ይስቃል። እኔም አሁንም እጠረጥረዋለሁ፤ ግን ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ሒጃቤን በስልኬ መስታወት ማስተካከል ጀምሬአለሁ።

ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ ማንበብም ጀመርኩ። አንድ ቀን ገና ሳይቀመጥ ያዝኩት።

«ያ ሐዋርያ፣ መጀመሪያ ደብዳቤ የጻፈው፣ ከዒሳ ዘመን ሃያ ዓመት ቢዘገይ ነው አይደል?»

«እ…አዎ።»

«ኢየሩሳሌም ሄጄ የጌታን ወንድም አገኘሁት ብሎ ጽፏል። ስሙንም ያዕቆብ ብሎ ይጠራዋል። የታሪክ ሊቃውንቱም አብዛኞቹ፣ ሃይማኖት የሌላቸው ሳይቀሩ፣ ሰውየው ነበረ ነው የሚሉት፤ አንዱ ምክንያታቸው ይሄ ነው።»

«ወንድም ማለት እኮ የእምነት ወንድም ሊሆን…»

«ሌሎቹን እንደዚያ ሳይል እሱን ብቻ ለይቶ? ይሳቅ፣ ለሌለ ሰው ወንድም ከየት ይመጣል?»

ወረቀቱን አስቀመጠ። ያሸነፍኩት መስሎኝ ደስ ሊለኝ ሲል ዓይኑን አየሁት፤ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር።

«ራሕማ፣ እኔ አባቴን አላውቀውም» አለ። «እናቴ ነጋ የሚባል የምድር ባቡር መካኒክ ነበር፣ ሳትወለድ ሞተ ትለኛለች። ፎቶ የለውም። መቃብር የለውም። የድሮዎቹን የባቡር ሠራተኞች አንድ በአንድ ጠየቅኩ፤ ነጋ የሚባል መካኒክ የሚያስታውስ የለም። ያለኝ የእናቴ ቃል ብቻ ነው። በሰው ቃል ብቻ ሰው ይኖራል?»

ያን ቀን አልተከራከርኩትም። ለምን አርባ ገጽ እንደጻፈ ገባኝ። እጁን ልይዘው ፈልጌ የራሴን እጅ ኪቦርዱ ላይ ተውኩት። ወደድኩት፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ጦልሃ መጠርጠር የጀመረው በዚሁ ሰሞን ነው። «አርባ ገጽ ሦስት ሳምንት ይፈጃል?» አለኝ። «በረመዳን፣ በእንቅልፍ ሰዓት፣ ከአንድ ወንድ ጋር? አባታችን በሕይወት ቢኖር…» ነገሩን ሳይጨርስ ወጣ። ወንድሜ ነገር የማይጨርሰው በጣም ሲከፋው ነው።

ከዚያ የሳምቡሳው ጉዳይ መጣ።

አንድ ሐሙስ ይሳቅ ያለ ሰዓቱ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባ። ሱቁ ሰው ሞልቶታል። ዘይት የጠጣ፣ የተጨማደደ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጣለ።

«ይሄ ምንድነው?»

ገለጥኩት። «…አልነበረም ለማለት የሚያስችሉን ማስረጃዎች…» ይላል። አናቱ ላይ በደማቁ፦ ይሳቅ ነጋ።

«እናቴ ዛሬ ከቅዳሴ ስትወጣ የምስር ሳምቡሳ ገዛች። በዚህ ነው የጠቀለሉላት። ከጓደኞቿ ጋር ቁጭ ብላ ነው የፈታችው። ይገባሻል? አብረው አነበቡት! ጽሑፉ ከአንቺ በቀር ማንም እጅ ላይ የለም። ብትጠዪኝ በግልጽ አትነግሪኝም ነበር?»

«ይሳቅ፣ እኔ አላወጣሁም…»

«በየገጹ ስምህ ካልተጻፈ ያልሽኝ ማን ነው?»

ሄደ። ደንበኞቹ ሁሉ እኔን ያያሉ። እኔ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እሱን ጠረጠርኩ። ራሱ በትኖት በእኔ እያሳበበ ነው አልኩ።

ወጥቼ በቀጥታ ጥጉ ላይ ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሃዎ ጋ ሄድኩ። ሃዎ የማታውቀው ወሬ የለም። «ሃዎ፣ ይሄን ወረቀት ማን ሰጠሽ?» አልኳት።

ከብረት ድስቷ ቀና ሳትል በመጥበሻ ማንኪያዋ አጠገቧ ያለውን ካርቶን አሳየችኝ። «አንቺ ነሻ! አቦ፣ ዛሬ ጾሙ ናላሽን አዞረው እንዴ?»

ካርቶኑ የእኛ ነው። ማሽኑ ሲያኝክ ወይም ቀለም ሲያዝረከርክ የተበላሸውን ወረቀት የምንጥለው ካርቶን። ስድስት ዓመት ሙሉ በየማታው ለሃዎ እየሰጠኋት፣ እሷ ሳምቡሳ እየጠቀለለችበት ኖረናል። ስለለመድኩት ሳላየው ነው የምሰጣት። ውስጡን ገለበጥኩ፤ አምስት የይሳቅ ገጾች አሉ፤ አምስቱም ላይ ስሙ። ራሴን ልጠብቅ ብዬ ያስጻፍኩት ስም ነው ልጁን ያጋለጠው። እዚያው መንገድ ላይ፣ ሃዎ እያየችኝ፣ አለቀስኩ።

በማግስቱ ከዚራ ሰፈር፣ እናቱ ቤት ሄድኩ። ሰገል ይባላሉ። በሩን ከፍተው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ፤ ዓይናቸው ሒጃቤ ላይ ቆመ። በእኛ ከተማ «አንቱ» ብዙም አይታወቅም፤ ትንሹም ትልቁም አንተና አንቺ ነው። እኔ ግን ስፈራ እርስዎ ማለት ይመጣብኛል።

«እማማ፣ እኔ ራሕማ ነኝ። ጽሑፉን የተየብኩት እኔ ነኝ።»

«ልጄን ያሳትሽው አንቺ ነሻ።»

«አላሳትኩትም። እንደውም ነበረ ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ።»

«እስላሟ ለክርስቶስ?» አሉ። ፊታቸው ላይ ያለው ጥርጣሬ እኔ መስታወት ላይ የማውቀው ዓይነት ነው። «ምን ፈልገሽ ነው?»

ስለ ካርቶኑ፣ ስለ ሃዎ፣ በየገጹ ስሙ እንዲጻፍ ስላስገደድኩት ሁሉንም ነገርኳቸው። እናንተን ፈርቼ ነው አልኳቸው። አላመኑኝም። ልጃቸው ከትናንት ጀምሮ ሳይናገራቸው፣ እሳቸውም ሳይናገሩት፣ አንድ ቤት ውስጥ እየተላለፉ እንደሆነ ከተዘጋው ክፍል በር አወቅኩ። ልሄድ ተነሣሁ። በሩ ላይ ደርሼ ግን መለስ አልኩ።

«ልጅሽ የሚጠራጠረው ክርስቶስን አይደለም» አልኩ። «አንቺን ነው።»

አንቺ ማለቴን ያወቅኩት ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው። እማማ ሰገል ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ምን አለሽ?»

«ፎቶ የለውም አለ። መቃብር የለውም። የሚያስታውሰው ሰው የለም። በሰው ቃል ብቻ ሰው ይኖራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ እኔን ሳይሆን ወለሉን እያዩ ተናገሩ።

«ነጋ የእኔ አባት ነው። መካኒክም አልነበረ፤ ገበሬ ነበር። የልጁ አባት ሙመድ ይባላል። የጀልዴሳ ሶማሌ፣ እስላም ነው። ባቡሩ ላይ ዕቃ ይጭን ነበር። አባቴ ከሱ ጋር ባይሽ አለ፤ የሱም ቤት እንደዚያው። ጅቡቲ ሥራ ይዤ እወስድሻለሁ ብሎ ወጣ፤ እዚያው በበሽታ ሞተ አሉኝ። አንድ ፎቶ ነበረኝ፤ አባቴ ምድጃ ውስጥ ከተተው። ልጁን በአባቴ ስም አስጠራሁት። ምን ልበለው ነበር? ሰፈሩ በሙሉ ዓይኑን አፍጥጦ እያየኝ ምን ልበለው?»

እኔም የሰፈር ዓይን ፈርቼ አይደል እዚህ የደረስኩት?

«እማማ፣ ወንድም አለው?»

«ማን?»

«ሙመድ።»

«ሳላሕ የሚባል ታናሽ ነበረው። ካልሞተ አለ።» ከዚያ ድንገት እጄን ያዙኝ፤ አያያዛቸው ያማል። «እኔ የሆንኩትን ልትሆኚ ነው? እንደዚያ ከሆነ ከአሁኑ ተይው።»

ማታውን ለይሳቅ ነግረውታል። በነጋታው ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዋሸችኝ» አለ። «አሁን ደግሞ ሌላ ታሪክ አመጣች። ይሄኛውን በምን ልመነው?»

«ወረቀቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ። ይቅር በለኝ» አልኩት። «ካርቶኑን…»

«ሃዎ ነግራኛለች። አልፌ ልሄድ ስል ጠርታ ሰደበችኝ።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «እኔም ሳልጠይቅሽ ፈረድኩብሽ። ራሕማ፣ ምን ላድርግ?»

«ወንድሙን እንየው» አልኩ።

እሑድ ጠዋት ጀልዴሳ የሄድነው ሦስት ሆነን ነው። ጦልሃ እኅቴ ብቻዋን ከሱ ጋር አትሄድም ብሎ የጓደኛውን ፒክአፕ ለምኖ መጣ። ይሳቅን ከጎኑ፣ እኔን ከኋላ አስቀምጦ ነዳ። ይሳቅ በመስኮት ደረቁን አሸዋ ወንዝና ፍየሎቹን ያያል። ማተቡን በጣቱ ሲጠቀልል ሲፈታ ጦልሃም አይቶታል።

ሳላሕን ማግኘት አልከበደም፤ ግመሎቹን ውኃ ሊያጠጣ ጉድጓድ አጠገብ ነበር። ከስልሳ ያለፈ፣ ቀጥ ያለ ሽማግሌ ነው። የሚናገረው ሶማልኛ ብቻ ስለሆነ ጦልሃ ሳይወድ አስተርጓሚ ሆነ። ነገሩን ሲሰማ የሽማግሌው ፊት ተዘጋ። ለረጅም ጊዜ ይሳቅን ከላይ እስከ ታች መረመረው፤ ማተቡንም አየ።

«ምን ፈልጎ ነው የመጣው ይላል» አለ ጦልሃ። «መሬት ከሆነ ወንድሜ መሬት አልተወም። ግመልም አልተወም።»

«ምንም አልፈልግም በለው» አለ ይሳቅ። «ነበረ ወይ ብዬ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ጦልሃ ተረጎመ። ሽማግሌው አልገባውም፤ ደግሞ አስደገመው። ከዚያ ሳቀ። «ሙመድ ነበረ ወይ?» እያለ፣ ትከሻው እስኪነቃነቅ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ ሳቀ። ሲስቅም አፉን በግራ መዳፉ ሸፈነ።

ሦስታችንም አየነው። ጦልሃ መተርጎሙን ተወ። ይሳቅ የራሱን ግራ እጅ አንስቶ አየው፤ ከዚያ የሽማግሌውን። የኋላ ኋላ ሳላሕም ገባው መሰለኝ ሳቁን አቋረጠ፤ ይሳቅን በሁለት እጁ አንገቱ ላይ ይዞ አንድ ነገር ደጋግሞ ይለዋል። የሚተረጉም ሰው አልነበረም። ወንድሜ ወደ መኪናው ዞሮ ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ይጠርጋል።

የክርክሩ ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ፤ ወሬው በሳምቡሳ ተጠቅልሎ ከተማውን አዳርሶ ነበር። ይሳቅ አርባውን ገጽ ይዞ ተነሣ፤ የመጀመሪያዎቹን ገጾች እንደጻፈው አነበበ። ከዚያ ቀሪውን አስቀመጠ።

«የተነገረኝ ሁሉ ልክ ላይሆን ይችላል» አለ። «የተጨመረበት፣ የተቀነሰበት፣ ፈርተው የደበቁት ይኖራል። መጠየቄን አልተውም። ግን ታሪኩ ስለተለዋወጠ ሰውየው አልነበረም ማለት ስህተት ነው። እኔ ይሄን ስህተት ሠርቻለሁ። ወንድሙን ያገኘ ሰው አለ።»

የወገኑ ልጆች ጮኹበት፤ ከዳኸን አሉት። እኔ ሴቶቹ መሐል ተቀምጬ ነበር። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነጭ ነጠላ አየሁ፤ ዞር ስል ግን እማማ ሰገል ሄደዋል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ቀላል አልነበሩም። እንጋባለን ስንል የኔ አክስቶች አለቀሱ፤ የሱም ዘመዶች አኮረፉ። ጦልሃ እሺም እምቢም ሳይል ቀረ። እኛም ማንም ከሃይማኖቱ ሳይወጣ በማዘጋጃ ቤት እንፈራረማለን አልን። ይሳቅ ግን በአያቱ ስም አልፈርምም አለ። «ሐሰት ስም ይዤ አላገባሽም» አለኝ። ስሙን ለማስተካከል የእናቱ የምስክርነት ቃል ያስፈልጋል፤ እናቱ ደግሞ ያን ነገር በወረቀት፣ በፊርማ፣ ቢሮ ፊት? እንዲጠይቃቸው አልገፋፋሁትም። አያደርጉትም ብዬ ነበር።

አንድ ቀን፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ በሩ ገርበብ እንዳለ አንድ ሰው ወደ ኋላው እየተገላመጠ ገባ። እማማ ሰገል ነበሩ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ጦልሃ ያን ቀን አልተኛም፤ ማሽኑን ፈቶ እያጸዳ ነበር።

«ትተይቢያለሽ?» አሉኝ።

«እተይባለሁ።»

«ክርስቲያን ጋ ብወስደው ያወሩብኛል» አሉ። ከዚያ ራሳቸውን ታዘቡ መሰለኝ፣ ነጠላቸውን ከፊታቸው አወረዱ። «ያውሩ። ጻፊ። እኔ ሰገል ነጋ፣ ልጄ ይሳቅ የሙመድ ልጅ መሆኑን እመሰክራለሁ። ሙመድ የጀልዴሳ ሰው ነበር። ነበር ብለሽ ጻፊ። እወደው ነበር።»

«ይሄኛውንም ልጻፈው?»

«ጻፊው። አናቱ ላይም ሙሉ ስሜን በትልቁ አድርጊልኝ፤ እንደዚያን ጊዜው።»

መጀመሪያ ያወጣሁት ተበላሸ፤ የሙመድን ስም ሁለቴ ጽፌዋለሁ። ወደ ሃዎ ካርቶን አልጣልኩትም፤ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁት። ሁለተኛው ደህና ወጣ። ጦልሃ ማሽኑን ገጥሞ፣ ሳንጠይቀው ሦስት ኮፒ አነሣ። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ የምስክሮች ዝርዝር የሚለውን ቦታ ለረጅም ጊዜ አየው።

«የሳላሕን ስም አስገቢ» አለኝ። «ሁለተኛው ላይ እኔን ጻፊኝ።»

«አንተን?»

ቀና ብሎ አላየኝም። እስክሪብቶ ይፈልጋል።

«እኔ አይቻለኋ» አለ። «ሽማግሌው ሲስቅ።»